የቅሬው አምፕሊፋየር

አምፕሊፋየሩን በአህያ ጋሪ ያመጣልኝ የቅሬያችን ለፋፊ ነው። ውጊያው ከከተማችን ከመርሳ አልፎ ወደ ሰሜን ከሄደ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። መብራት አልተመለሰም፤ ስልክም አልነበረም። ባጃጆቹ ነዳጅ አጥተው በየግድግዳው ጥግ ተደርድረው ቆመዋል። ለፋፊው ጋሪውን ከሱቄ ደጃፍ አቆመና፣

"እትዬ፣ ሬሳ ይዤልሽ መጥቻለሁ" አለኝ።

ሥራው የሰው ሞት መናገር ስለሆነ በሞት የሚቀልድ እሱ ብቻ ነበር። ጆንያውን ሲገልጠው ግራጫውን አምፕሊፋየር አየሁት። የመስጊዱም የትምህርት ቤቱም አዳዲስ ድምፅ ማጉያዎች ተወስደዋል። ይህን ግን ከቅሬው መጋዘን፣ ከድስቶቹና ከድንኳኑ ሸራ ሥር ያየው ሰው ሁሉ አይቶ ትቶታል። እኔም ባላውቀውና ሌባ ብሆን አልወስደውም ነበር።

ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፤ በአንድ ሸራ ሥር ይቀመጣል። ሰው ሲሞት ለፋፊው ይናገራል፤ የሰማ ሥራውን ትቶ ይወጣል። አምፕሊፋየሩ ከተበላሸ ወዲህ ግን ለፋፊው በእግሩ እየዞረ በጉሮሮው ብቻ ይጣራ ስለነበር ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ሸማኔ ጎረቤታችን ሞቶ ዘጠኝ ሰው ብቻ ቀበረው። ሰው ጠልቶት አይደለም፤ ያልሰማው ነው የቀረው። ይህ በእኛ ዘንድ ከሞቱ የከፋ ነገር ነው።

"ትችዪዋለሽ?" አለኝ ለፋፊው።

"ልየው" አልሁት።

ባለቤቴ በዚያች ሱቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሬዲዮ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር ጠግኗል። እኔ ወልድያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ያገባሁት። እሱ ብዙ ስላልተማረ ክፍሎቹ ላይ የተጻፉትን ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ፊደላት የማነብለት እኔ ነበርሁ። የደረሰበትን ነገር ሁሉ ይነግረኝና በደብተር እጽፈዋለሁ። በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መበየጃውን ያዝሁለት፤ እሱ በጣቱ እያሳየኝ እኔ እበይዳለሁ። ከጦርነቱ አምስት ዓመት በፊት አረፈ። ሱቋን አልዘጋኋትም። ክር፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይ እሸጥባታለሁ። ሰው ግን ከልምዱ አልወጣም፤ የተበላሸ ዕቃ ማምጣቱን ቀጠለ።

አምፕሊፋየሩን ከፍቼ በቴስተር ፈተሽሁት። ኃይል የሚሰጠው ክፍል ደህና ነው። የሞተችው በማይኩ መግቢያ ላይ ያለችው አይሲ ናት። ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ፣ ስምንት እግር ያላት ጥቁር ነገር ናት። ሥራዋ ከማይኩ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብላ ማሳደግ ነው። ባለቤቴ ኦፕ-አምፕ ይላታል፤ ሲቆጣት ደግሞ "ይህች አሮጊት" ይላታል። ሳትሞትም በፊት ብዙ ዓመት የታመመች ነበረች። ማሽኑ ገና ሲበራ፣ ማንም ሳይናገርበት፣ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ታወጣለች። ገበያተኛው "ዘነበ" ይላል። "ዘነበ፤ ዛሬ ማን ይሆን?" ብሎ ጆሮውን ይሰጣል። ዝናቡ እንዳይበረታ ሲባል ማሽኑ በዝቅተኛ ድምፅ ይከፈታል፤ የሚናገረው ሰው ከንፈሩን ማይኩ ላይ ለጥፎ ይጮኻል። ማሽኑ መከፈቱን የምታሳየው ትንሽ ቀይ አምፖል ከተቃጠለች ቆይታለች። የተካት የለም። ዝናቡ ካለ እሷ ምን ታደርጋለች?

እንደዚያች ያለች አይሲ መሠራት ካቆመች ረጅም ጊዜ ሆኗል። ባለቤቴ በሕይወቱ ሳለ ደሴም አዲስ አበባም ሰው ልኮ አጥቷታል። መፍትሔው እግሮቿ በአንድ ዓይነት ተራ የተደረደሩ ሌላ አይሲ መፈለግ ነው። የትኛዋ እግር ኃይል እንደምትቀበል፣ የትኛዋ ድምፅ እንደምታስገባና እንደምታስወጣ ካልተመሳሰለ አይሆንም። ደብተሬን ገለጥሁ። የምትተካት አይሲ ቁጥር በራሴ እጅ ተጽፎ አገኘሁት። እንዲህ ያለችው በቤቴ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ነበረች፤ ባለቤቴ የትዝታና የአምባሰል ካሴቶቹን በሚያደምጥበት ዴክ ውስጥ። ነቀልኋት። ቁጥሯ ስለደበዘዘ ፊቷን ጠመኔ ቀብቼ በጣቴ ጠረግሁት። ጠመኔው በፊደሎቹ ጎድጓዳ ውስጥ ሲቀር ቁጥሩ ይነበባል። እሷው ነበረች።

መብራት ስለሌለ የመዳብ ራስ ያለውን የድሮ መበየጃ ከሰል ላይ ነበር የማግለው። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው ባልንጀራዬ በማለዳ የመጣችው።

ባልንጀራዬ ብርቱካን ነጋዴ ናት። ግራና ከምትባለው የመስኖ አገር ያስመጣችውን ብርቱካን ከመንገዱ ማዶ ባለው ገበያ፣ ዋርካው ሥር ትሸጣለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ተዋውቀናል። እሷ ሙስሊም ናት፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ለፋሲካ እሷ ዶሮዬን ስበልት ትይዝልኛለች፤ ለረመዳን እኔ ሾርባዋን አማስላለሁ። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። ያላት አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፤ በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ዘምቷል። ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። እሷ ግን የጠፋው ልጁ ሳይሆን ስልኩ ነው ብላ ይዛለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ከሰል ላይ ሽንኩርት ያቁላላል እንጂ ብረት ይጠብሳል?" አለችና አራት ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ለቅሬው ነው።"

"ቅሬውን ተይውና ስልኩን አትጠግኚልኝም?"

"ስልኩ አልተበላሸም፤ መስመሩ ነው።"

"እሱንስ አውቃለሁ። ወልድያ ሊከፈት ነው ይባላል። የተከፈተ ዕለት ይደውላል። እንግዲያው ይህ ጡሩንባሽ ከሠራ መጀመሪያ የሚለፈፍበት የስልኩ መከፈት ይሁን። የሰው ሞትማ ጠገብን።"

"አሚን በይ" አልኋት።

"አሚን" ብላ ቅርጫቷን አንሥታ ተሻገረች።

አሮጌዋን አይሲ አወጣሁ። አዲሲቱን፣ ለእኔ አዲስ የሆነችውን፣ ነጥቧን ከቦርዱ ምልክት ጋር አስተካክዬ አስገባሁ። ነጥቧ የመጀመሪያዋን እግር የምታመለክት ናት፤ ተገልብጣ ከገባች ወዲያው ትቃጠላለች። ስምንቱን እግር አንድ በአንድ በየድሁ። ዓይኔ ደክሞ ስለነበር ሁለት ጊዜ በማጉያ መስታወት አየሁት። ከዚያ ለፋፊው የባጃጅ ባትሪ ይዞልኝ መጣ። ከሱቄ የኋላ ክፍል ተነሥቶ፣ አስፋልቱን በላይ ተሻግሮ፣ ዋርካው ላይ እስከ ተሰቀለው ጡሩንባ ስፒከር የሚሄደው ሽቦ ባለቤቴ የዘረጋው ነው። በሱ ጊዜ ልፈፋው ከእኛ ቤት ይነገር ነበር። ሽቦው አልተበጠሰም።

ለፋፊውን ዋርካው ሥር እንዲቆም ላክሁትና ማይኩን ይዤ "አንድ፣ ሁለት" አልሁ። ድምፄ ከገበያው ጥርት ብሎ ተመለሰልኝ። ማዶ ሰው ሲያጨበጭብ ተሰማኝ። ለፋፊው አስፋልቱ ጫፍ ድረስ ሮጦ መጥቶ እጁን አወዛወዘልኝ።

"ሄደህ ከዋርካው ሥር ቁም" አልሁት። "አሁን ደግሞ ዝም ሲል ስማልኝ።"

ይህ የባለቤቴ ደንብ ነው። አምፕሊፋየር የሚፈተነው ዝም ሲል ነው ይላል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለህ፤ ማይኩን እንደተሰካ ታስቀምጠዋለህ፤ ማንም ሳይናገር አንድ ሰዓት ያህል ታቆየዋለህ። ዕቃው ሲሞቅ ሕመሙ ይወጣል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትሁ። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ በተጣጠፈ ጨርቅ አስተኛሁት። ምንም አልተሰማም። አንድም ጠብታ አልዘነበም። በዚያ ዓመት ውስጥ ደስ ያለኝ ጊዜ ካለ ያን ጊዜ ነው።

አመዱን ጠራርጌ፣ መሣሪያዎቹን ወደ ሣጥን መልሼ፣ እጄን ስታጠብ የጓሮው በር ተንኳኳ። የቅሬያችን አባት ናቸው። ሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣሉ። በጓሮ በር መጥተው አያውቁም።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩም ሰላም፣ ሐጂ። ይግቡ።"

"ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

በመንገዱ በኩል ያለውን በር ራሳቸው ሄደው ዘጉት። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ። ማይኩ ከክንዳቸው አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። እኔ ያየሁት ዝም ያለ ማሽን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ማሽኑ መብራቱን የነገረኝ ዝናቡ ነበር። ዝም ካለ ጠፍቷል ማለት ነው። እጄ ወደ ማጥፊያው አልሄደም፤ ሐሳቤም አልሄደም።

በዚያው ቅጽበት የወታደር ካሚዮኖች ከውርጌሳ በኩል መጥተው ወደ ሲሪንቃ ማለፍ ጀመሩ። ብዙ ነበሩ። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ይንቀጠቀጣል። ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ልጁ ሞቷል" አሉ።

"የማን ልጅ?"

"አንድ ነው ያላት፤ ሌላ የላትም። አብሮት የዘመተው ቆስሎ ወልድያ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ትናንት ሄጄ አናገርሁት። በራሱ ጋቢ ጠቅልዬ በእጄ ነው የቀበርሁት አለኝ። ሸሚዙን፣ በአንገቱ ያሠረውን፣ ሁሉን ነገረኝ። ጥርጥር የለውም።"

"የማን ልጅ፣ ሐጂ?"

የልጁን ስም ጠሩ። ቀጥለው የእናቱን ስም ጠሩ። ባልንጀራዬ ናት።

ሐጂ ቀጠሉ።

"ወንድሞቿን ከግራና አስጠርቻለሁ፤ ነገ ማታ ይደርሳሉ። ከነገ ወዲያ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ገብተን እንነግራታለን። አንቺ ነገ እሷ ዘንድ እደሪ። ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ ውኃ የት እንዳለ፣ ልብሷ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ጠዋት ወደ ገበያ እንዳትወጣብን።"

"ምን ብዬ ልደር?"

"አሞኛል፣ ወገቤን እሺልኝ በያት።"

"ታውቅብኛለች። ዋሽቻት አላውቅም።"

"አንድ ሌሊት ዋሺያት። ለእኔ አላህ ይቅር ይለኛል፤ ላንቺም ማርያም አለችልሽ።"

በአገራችን መርዶ እንዲህ ነው። ሰው የልጁን ሞት መንገድ ላይ አይሰማም፤ ብቻውን ሆኖ አይሰማም፤ ሥራ ይዞ አይሰማም። ወገኖቹ በማለዳ ይሰበሰባሉ፤ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቆማል፤ ከዚያ ይነገረዋል። ያን ቀን ሐጂ የመጡት ይህን ሊያደላድሉ ነበር። በጓሮ የመጡት፣ በር የዘጉት፣ ለእሷ ብለው ነው።

የመጨረሻው ካሚዮን አለፈ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሐጂ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ "ያ ረቢ፣ ለእሷ በምን አፍ ይነገራል" አሉ።

ከውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሐጂ ድምፅ "በምን አፍ ይነገራል" አለ።

ሐጂ ቀና አሉ። "ማነው እሱ?" አሉ። "ማነው እሱ" አለ ዋርካው።

እኔ ማሽኑን አየሁት። ማጥፊያውን ተጫንሁ። እጄ ከማጥፊያው ላይ አልነሣ አለኝ፤ በሌላው እጄ ነው ያነሣሁት።

"የርስዎ ድምፅ ነው" አልኋቸው።

በሩ ተከፈተና ለፋፊው ገባ። ትንፋሹ ተቆራርጧል። የሐጂን ድምፅ ከዋርካው እንደሰማ እየሮጠ ሊያስጠፋኝ ተነሥቶ ነበር፤ ካሚዮኖቹ አስፋልቱን ከልክለውት ማዶ ቆሞ ቀረ። በሁለት ካሚዮን መካከል ለመግባት ሞክሮ አንድ ወታደር ጮኾበታል። እሱ ማዶ ቆሞ ሲጮኽ ሁሉም ነገር ከራሱ በላይ እየተነገረ አለቀ።

"ሁሉንም ነው?" አልሁት።

"ሁሉንም ነው፣ እትዬ። ስሙንም። የወገብሽንም።"

ሐጂ ከወንበራቸው አልተነሡም። "በሩን እኔ ነኝ የዘጋሁት" ይላሉ ደጋግመው። "በሩን እኔ ነኝ የዘጋሁት።"

እኔ መንገዱን ተሻገርሁ። ነጠላዬን መልበሴንም አላውቅም። ገበያው ቆሟል። እንዲያ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም። ሚዛን የያዘ ሚዛኑን እንደያዘ፣ ሸክም ያነሣ እንዳነሣ ነው። ሰዉ ወደ አንድ ቦታ ያያል፤ እኔ ስደርስ መንገድ ለቀቀልኝ።

ባልንጀራዬ ከብርቱካኗ ኋላ ተቀምጣለች። ብርቱካን እየመረጠች ታስተካክላለች፤ ትላልቁን ከላይ፣ ትንንሹን ከሥር። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ቆሜ ብዙ አየኋት። በመጨረሻ ቀና አለች።

"ወገብሽን ተሻለሽ?" አለችኝ።

አጠገቧ በርበሬ የምትሸጠው ሴት ፊቷን በሻሿ ሸፍና ታለቅስ ጀመር።

"ምን ያስለቅስሻል? ዝም በይ፤ ገበያ ላይ ነን" አለቻት ባልንጀራዬ።

ሐጂ በለፋፊው ተደግፈው ደረሱ። ኢናሊላሂ ሲሉ እጇን አነሣችባቸው።

"አይደለም፣ ሐጂ። ለእኔ የተነገረኝ ነገር የለም።"

"ልጄ…"

"ገበያ መካከል መርዶ አይነገርም። ደንቡን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ወንድሞቼ አልመጡም፤ አልነጋም። የተነገረኝ ነገር የለም። ይሂዱ።"

ሐጂ ቆሙ። ከዚያ ሄዱ። እኔንም "ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ" አለችኝ፤ ሄድሁ። ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው በዚያ ገበያ ውስጥ አልነበረም። ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቀረበና አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዛ። መዘነችለት። ቀጥሎ ሌላ ሰው ቀረበ። ከዚያ ሰው ሁሉ ተሰለፈ። የማይበላው ገዛ፤ ያለው ገዛ። ማንም አልተናገራትም። ብርቱካኑ ሲያልቅ ቅርጫቷን አራግፋ፣ ምንጣፏን አጣጥፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሱቄ ገብቼ ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ላይ በጉጠት ቆረጥሁት። መንቀል ይቻል ነበር፤ ቆረጥሁት።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች፤ ልጇ ዘምቶ የቀረባት ናት። ክር ስጪኝ አለች፤ ክር ሰጠኋት፤ ግን አልሄደችም።

"ሐጂ መጀመሪያ 'ልጁ ሞቷል' ነው ያሉት" አለችኝ። "ስሙን ወዲያው አልጠሩም። 'አንድ ነው ያላት' አሉ። እኔም ያለኝ አንድ ነው። ስሙ እስኪጠራ ድረስ የእኔ ልጅ ነበር። ከዚያ ስሙን ሲጠሩ…" ክሩን በጣቷ ጠቀለለች። "ምን እንዳልሁ ታውቂያለሽ? አልሃምዱሊላህ አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። እሷ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር።"

በገበያው ውስጥ እንደሷ ያሉ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ቀን በፊት ይህን አስቤው አላውቅም። የአንዲት ሴት መርዶ ብቻ ያበላሸሁ መስሎኝ ነበር።

ማታ ቅሬው ተሰበሰበ። አንዳንዱ፣ ሰምታለች፤ ሸራው አሁኑኑ ይተከልና ለቅሶ እንቀመጥ አለ። ሌላው፣ ራሷ አልተነገረኝም ካለች በማን ፈቃድ ይተከላል አለ። ጥፋቱ የማን ነው የሚል ነገርም ተነሣ። እኔ ተነሥቼ "የእኔ ነው፤ ማሽኑን ሳላጠፋ እንግዳ ተቀብያለሁ" አልሁና ተቀመጥሁ። ሐጂ ደግሞ "በሩን እኔ ነኝ የዘጋሁት" አሉ። የፈረደብን የለም። የተወሰነው፣ ወንድሞቿ እስኪመጡ እንዲጠበቅ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ባልንጀራዬ ገበያ ወጣች። እንደ ወትሮዋ ብርቱካን ይዛ። ያን ቀን በሱቄ ደጃፍ አላለፈችም፤ በላይኛው መንገድ ዞራ ሄደች። በበሩ ስንጥቅ አየኋት። እኔ በሕይወቴ ብዙ የደነገጥሁበት ጊዜ አለ። ከባድ መሣሪያ ጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ደንግጫለሁ። እንደዚያች ቀን ግን ደንግጬ አላውቅም። የሞተ ሰው እናት "ትኩስ ብርቱካን" እያለች ስትጣራ መስማት ምን እንደሆነ ለመናገር ቃል የለኝም፤ ስለዚህ እተወዋለሁ።

ሲመሽ ወደ ቤቷ ሄድሁ። በሩን ስትከፍት፣

"ወገብሽ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም። ላድር ነው የመጣሁት።"

"እደሪ" አለችና ገባች።

እራት አቀረበች፤ በላን። ግራና ላይ የመስኖው ቦይ በውጊያው እንደተደረመሰ፣ ዛፎቹ ውኃ ካላገኙ የሚመጣው ዓመት ብርቱካን እንደማይኖር ነገረችኝ። እኔም ሸማኔው ጎረቤታችን ያላለቀ ጋቢ በመሸመኛው ላይ ትቶ እንደሞተ ነገርኋት። ሸማኔው ያን ጋቢ ለማን ይሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልሁ። መኝታ አነጠፈችልኝ። ስለ ሌሊቱ ሌላ የምለው የለም። ሁለታችንም ሌላው እንደተኛ አድርገን ተኛን።

ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ታጠበች፤ ሰገደች። ልብሷን ለውጣ፣ ራሷን አሥራ፣ ቤቱን ጠረገች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ በቁርበቱ ላይ ተቀመጠች። "በሩን ክፈቺላቸው" አለችኝ። ገና አላንኳኩም ነበር። ስከፍተው ውጭ ተሰብስበዋል። ሁለት ወንድሞቿ፣ ሐጂ፣ ለፋፊው፣ የቅሬው ሰዎች፣ ሴቶቹም ከኋላ። በሌሊት ሲሰባሰቡ ሰምታቸዋለች መሰለኝ። ለፋፊው ድምፅ ሳያሰማ ከቤት ቤት እየሄደ ነው የሰበሰባቸው።

ገቡ። ወንድሞቿ በግራና በቀኝ ተቀመጡ፤ እንዳትወድቅ ነው። ሐጂ ከፊቷ ቁጭ አሉና ዱዓ አደረጉ። አሚን አልን። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እርስዎ አይደሉም" አለች።

"እንዴት?"

"እሷ ትንገረኝ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ከውኃው ማሰሮ አጠገብ ቆሜ ነበር።

"ደንቡ አይደለም" አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። "መርዶ የሚናገር ሽማግሌ ነው።"

"ደንቡ ከትናንት ወዲያ ነው የፈረሰው። ከእሷ ቤት ወጥቶ ነው የመጣብኝ። ከእሷ ቤት እንደወጣ፣ ከአፏ ይውጣ። በሽቦ አልሰማም እኔ።"

ታላቅ ወንድሟ ሊቆጣ ፈለገ። ሐጂ በዓይናቸው ከለከሉትና ከፊቷ ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

ሄጄ ተቀመጥሁ። ጉልበቴ ጉልበቷን ነካ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንተያይ እንዲህ ቀርቤያት አላውቅም። እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ሰው ሲሞትበት እንኳ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብዬ ወደ ሥራው ነው የምሄደው፤ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ። አሁን ግን ሥራ አልነበረም።

የልጁን ስም ጠራሁ። "ሞቷል" አልኋት።

"አይተሻል?"

"አላየሁም። የቀበረው ጓደኛው ለሐጂ ነግሯቸው ነው።"

"በጨርቅ ነው የቀበረው?"

ሐጂን አየሁ። ሐጂ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

"በራሱ ጋቢ ነው" አልኋት።

"ታጥቧል?"

ይህን ሐጂም አያውቁም። ልዋሽ እችል ነበር፤ የፈቀዱልኝም ነበሩ።

"አላውቅም" አልኋት።

"እሺ" አለች።

ወንድሞቿ ይዘዋት ነበር፤ ግን ወደ ጎን ይሆናል ብለው ነው የጠበቁት፤ ወደ እኔ ወደቀች። እሷ ከባድ ናት፤ እኔ ቀጭን ነኝ። አብረን መሬቱ ላይ ወደቅን፤ ጩኸቷም በጆሮዬ ላይ ተጀመረ። ሴቶቹ ገቡ። ውጭ ሸራውን ሲዘረጉ ይሰማ ነበር። አንድ ሰው ሊያነሣኝ ክንዴን ያዘኝ፤ እሷ ግን ቀሚሴን ጨብጣ ስለነበር እዚያው እንድቀር ተውኝ።